የማያነብ ሰው ደብዳቤ አይቀድም

«ቆይ እስቲ» አሉኝ እትዬ። አልቆየሁም።

ባለፈው ክረምት ነው፤ ሐምሌ ውስጥ፣ ጅማ ከረፋዱ ጀምራ ስትዘንብ የዋለችበት ቀን። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እትዬ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በሻማ ብርሃን ቡና ይለቅማሉ። እኔ ከፊታቸው ምንጣፉ ላይ ታብሌት፣ ሃርድ ዲስክ፣ ገመድና ፓወር ባንክ ዘርግቻለሁ። ከዚያ የሆነው ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ግን እስከ ዛሬ አመላልሳቸዋለሁ፤ ብጽፋቸው ይሻለኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ታናሽ ወንድማቸው በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርጎ ወጥቶ ካናዳ ሲገባ፣ ደብዳቤ መጻፍ አልሆነለትም። ቢጽፍ እህቱ ጋ የሚደርሰው በጎረቤት ልጅ አፍ ነው፤ ለእህት ብቻ የሚነገር ነገር ደግሞ በጎረቤት ልጅ አፍ አያምርም። ስለዚህ ካሴት ይልክ ጀመር። ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲያገኝ የ60 ደቂቃ ካሴት በካልሲ ጠቅልሎ ይሰጣል። በአንዱ ጎን 30 ደቂቃ፣ በሌላው 30 ደቂቃ፣ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ሰው ያወራል። በጠቅላላው 11 ካሴት ላከ። አሁን አጎቴ አርፏል፤ ከእሱ የቀረን ድምፁ ነው።

ካሴቶቹን የጅማ እርጥበት በላቸው። ቴፑ ላይ ነጭ ሻጋታ መውጣት ሲጀምር፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብዬ ከቴፕ ማጫወቻ በገመድ ወደ ላፕቶፕ ቀዳኋቸው። ድምፁን ሳልጨምቅ በሲዲ ጥራት ስለቀዳሁት አንዱ ካሴት ወደ 600 ሜጋባይት መጣ፤ ሁሉም ተደምረው 7 ጊጋባይት አይሞሉም። ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኳቸው። በኋላ ላፕቶፑ ማዘርቦርዱ ተቃጠለና አንድ ቅጂ ብቻ ቀረ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ አንድ ቅጂ ብቻ እንዳለኝ እያወቅሁ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።

ታብሌት የገዛሁት ሰኔ ላይ ነው። እትዬ «የወንድሜን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ» ካሉ ሰንብተዋል። ዲስኩን ከታብሌቱ ጋር ማገናኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ገመዱ

የመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነም። በእውነት ምንም። ከገበያ የገዛኋትን ትንሽ መቀየሪያ፣ አዳፕተር የሚሏትን፣ ታብሌቱ ላይ ሰካሁ፣ የዲስኩን ገመድ መቀየሪያዋ ላይ ሰካሁ፤ መብራት የለም፣ ድምፅ የለም፣ ታብሌቱም ምንም አላለም። ዲስኩ ሞቷል ብዬ ደነገጥኩ። ጎረቤት ያለ ልጅ የራሱን መቀየሪያ ሲያውሰኝ የዲስኩ መብራት በራ። የእኔዋ ለቻርጅ ብቻ የተሠራች ነበረች።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ሌላ፣ ዳታ የሚያልፍበት ሽቦ ሌላ ነው። ርካሽ ገመድ ላይ የዳታዎቹ ሽቦዎች ጭራሽ ላይኖሩ ይችላሉ። ስልክ ቻርጅ ስለሚያደርግልን ደህና ገመድ ነው እንላለን።

ሌላም ነገር አለ። ስልክና ታብሌት መጀመሪያ የተሠሩት ኮምፒውተር ላይ ተሰክተው በኮምፒውተሩ እንዲታዘዙ ነው። ታብሌቱ ራሱ አዛዥ እንዲሆን፣ ዲስኩን «ና፣ ያለህን አሳየኝ» እንዲለው፣ ቤቱ የእሱ መሆኑ ሊነገረው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኦቲጂ የሚባለው ስምምነት የመጣው ለዚህ ነው። በአሮጌዎቹ ማይክሮ ዩኤስቢ ላይ አምስተኛ እግር አለች፤ የኦቲጂ ገመድ ውስጥ ያቺ እግር ከመሬት መስመሩ ጋር ስለተያያዘች ታብሌቱ እሷን አይቶ አዛዥነቱን ይወስዳል። በአዲሶቹ ታይፕ ሲ ላይ ይህን የምትናገረው መቀየሪያዋ ውስጥ ያለች፣ ሬዚስተር የምትባል ኤሌክትሪክ የምትገታ ትንሽ ዕቃ ናት። አንዳንድ ታብሌትና ስልክ ላይ ደግሞ ገመዱ ደህና ሆኖም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኦቲጂን ማብራት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ደቂቃ ሳይሠራ ከቆየ መልሶ ራሱን ያጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ሲለው ዲስኩን ይጠረጥራል።

ጉልበት ያጣ ዲስክ

በተዋስኩት መቀየሪያ መብራቱ በራ አልኩ እንጂ ዲስኩ ተነሣ አላልኩም። ከውስጡ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ደግሞ ይጀምራል። እትዬ ጆሯቸውን አስጠግተው «ይሄ ነገር ሊነሣ ፈልጎ አቅም ያጣ ነው» አሉ። ያኔ ለማጽናናት ያሉት መስሎኝ ነበር። ለካ ትክክለኛው ምርመራ እሱ ነው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ቆሞ የነበረን ሳህን ማስነሣት ሲሽከረከር ከማቆየት ይልቅ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ በ5 ቮልት የሚሠሩት ትናንሽ ዲስኮች ሲነሡ ወደ 1,000 ሚሊአምፒር የሚጠጉ አሉ። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት 500 ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ታብሌት ደግሞ ከራሱ ባትሪ ቀንሶ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ይቆጥባል። ሞተሩ ሊነሣ ይሞክራል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ዲስኩ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ድምፁ የዚህ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ የሚያወጣ፣ የንባብ ክንዱ የተጎዳ ዲስክም አለ፤ ግን ያንን ከመፍራት በፊት ኃይል አግኝቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። እየነቀሉ እየሰኩ ደጋግሞ መሞከር ደግሞ ለደህናውም ለታማሚውም አይበጅም።

እኔ በዚህ መሐል አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ፍላሽ ሰክቼ ሞከርኩ፤ ፍላሹ ወዲያው ተነበበ። «እንግዲያው ታብሌቱም ገመዱም ደህና ናቸው፣ የተበላሸው ዲስኩ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ፍላሽ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ነው፤ የእሱ መሥራት ስለ ዲስኩ የሚያረጋግጥልኝ ነገር አልነበረም። ለጤነኛ ሰው የበቃች ቁራሽ ለአራስ አልበቃችም ብሎ አራሷን እንደ መውቀስ ነው።

መፍትሔው የራሱ ኃይል ያለው ዩኤስቢ ሃብ ሆነ። ሃብ ማለት እንደ ዲቫይደር ያለ ነገር ነው፤ የዳታው መስመር ወደ ታብሌቱ ይሄዳል፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከግድግዳ ይመጣል። ሃቡን ያገኘሁ ዕለት ማታ ነው እንግዲህ መብራት የሄደው። እስኪመጣ ልጠብቅ? አልጠበቅሁም፤ ሃቡን ፓወር ባንክ ላይ ሰካሁት። ዲስኩ እንደ ንብ ቀፎ ለስለስ ያለ ድምፅ አውጥቶ ተነሣ። መብራቱም መርገብገቡን ትቶ ጸንቶ በራ። እትዬ ሰፌዱን አስቀመጡ። ደስታዬን አሁን ድረስ አስታውሰዋለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ያፋጠነውም እሱ ይመስለኛል።

ሁለቱ ደቂቃዎች

ታብሌቱ ላይ ከላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። ዲስኩ ችግር አለበት፣ ለማስተካከል ይንኩ፣ የሚል ዓይነት።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ።

«ተበላሽቷል ይላል። ላስተካክለው ነው።»

«ማን ነው ተበላሸ ያለው?»

«ታብሌቱ።»

«ቆይ እስቲ። ለሚያውቅ ሰው እናሳየው።»

ነካሁት። ሌላ ገጽ መጣ። እዚያ ላይ ፎርማት እንደሚደረግ፣ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ተጽፎ ነበር። አልተጻፈም ብዬ ልዋሽ አልችልም። አይቼዋለሁም፤ ዓይኔ ግን የፈለገው ቁልፉን ነው። ስንት ቀን የለፋሁበት ነገር በመጨረሻ ሲነሣልኝ፣ ከእኔና ከድምፁ መሐል የቀረችው ያቺ አንዲት ቁልፍ መሰለችኝ። እሷንም ነካሁ።

ሲጨርስ ዲስኩ ተከፈተ። ንጹሕ፣ ባዶ። ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም፤ ብቻ ዲስኩ መሥራት አለመሥራቱን ለማየት ብዬ ከታብሌቱ ላይ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ገለበጥኩበት። ወደ 700 ሜጋባይት ነበር። ይህን ቪዲዮ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

«ድምፁስ?» አሉ እትዬ።

መልስ አልነበረኝም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይዘንብ ነበር። እትዬ ፊቴን በሻማው ብርሃን አይተው አልደገሙም፤ ሰፌዳቸውን አንሥተው ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ነው የተናገሩት። ያኔም በቁጣ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሲያስቡበት ያደሩ ይመስላል።

«እኔ እንግዲህ አላነብም» አሉ። «ደብዳቤ በእጄ ሲገባ ግን አንድ ቀን ወረቀቱ ተበላሽቷል ብዬ አላውቅም። እኔ አላነብም ነው የምለው። ለሚያነብ እሰጣለሁ። የማያነብ ሰው ደብዳቤ አይቀድም።»

ያልተበላሸው ነገር

ዲስኩ አልተበላሸም ነበር። አንድም ነገር አልሆነም። የተዘጋጀው ዊንዶውስ ላይ ስለነበር ፋይሎቹ የተደራጁት ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር ያወጣው ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ታብሌት ይህን አያነብም። የሚያነበው በጣም አሮጌውን ፋት 32ን ነው፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም። ብዙዎቹ ኤክስፋትንም ያነባሉ። ኤክስፋት እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣ ሲሆን ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን ለሁሉም ክፍት ያደረገው በ2019 ነው፤ በዚያው ዓመት አንድሮይድ የቆመበት ሊኑክስ ውስጥ ገባ። አይፓድም ቢሆን ውጫዊ ዲስክን እንደ ልብ መክፈት የጀመረው በዚሁ 2019 በአይፓድ ኦኤስ 13 ነው። ኤንቲኤፍኤስን አንድሮይድ ላይ የሚያነቡ አፖች ከፕሌይ ስቶር ይወርዳሉ። ያን ማታ አንዱን ባወርድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ስለዚህ የነበረው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ሄርማታ ገበያ የሚወጣ የጅማ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ፣ የምኛ፣ አንዱ ገበያ ላይ ይሰማል። ማር ይዛ የመጣች ሴት የምትለው ካልገባህ ዞር ብለህ የሚያስተረጉምልህ ትፈልጋለህ። ሴትየዋ ዲዳ ናት አትልም።

ታብሌቱ ግን የራሱን አለማንበብ የዲስኩ ብልሽት አድርጎ ነገረኝ። ከዚያም ብሶ ማጥፋትን «ማስተካከል» አለው። በእውነቱ ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። መልእክቱን ያዘጋጁ ሰዎች ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ አላምንም፤ ገና ለተገዛ ባዶ ዲስክ ያ መልእክት ትክክል ነው። ግን ባዶ ዲስክና የአንድ ሰው ብቸኛ ድምፅ ያለበት ዲስክ ለታብሌቱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። «ማን ነው ተበላሸ ያለው?» የሚለው የእትዬ ጥያቄ ሙሉውን መልስ ይዞ ነበር፤ እኔ የተናጋሪውን ማንነት ሳልጠይቅ ቃሉን ተቀበልኩ። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ገጹ ላይ የተጻፈውንም ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያላነበብኩትም እኔው ነኝ።

ውሃ ወይስ ቡና

ሁለት ተረቶች አሉን፤ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ሲነገሩ አንሰማም እንጂ ይጋጫሉ። አንዱ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላል። ሌላው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ»። የመጀመሪያው አበቃ ይልሃል፤ ሁለተኛው ያዋርድሃል እንጂ ተስፋ አይቆርጥብህም፣ ጎንበስ ብለህ ትለቅማለህ። ለካ ነገሩ የሚወሰነው በፈሰሰው ነገር ነው። ውሃ መሬት ይጠጣዋል። ቡና ግን ቢደፋ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል እንጂ ቡና መሆኑን አይተውም።

ዲስኩን ከዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ ወጣት ወሰድኩለት። የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ነበረበት የሚል አልነበረም። «ፎርማት ካደረግህ በኋላ ምን ጻፍክበት?» አለኝ። የሠርጉን ቪዲዮ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «ሌላስ?» አለ። «ሌላ የለም» ስለው ትንሽ ተነፈሰ። «ካሁን በኋላ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ተቀበለኝ።

እሱ ነው ያስረዳኝ። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ፈጣኑ ፎርማት ዕቃውን አይነካም፤ የሚያጠፋው መዝገቡን ነው። ማን የት ይኖራል የሚለው መዝገብ ሲቀየር ቤቶቹ አይፈርሱም፤ መንገድ የሚያሳይ ብቻ ይጠፋል። አዲስ ፋይል ሲገባ ግን ባዶ መስሎት የአንዱን ቤት አፍርሶ የራሱን ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ውሃ ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚሽከረከር ሳህን በሌለው ዲስክ ላይ ደግሞ ነገሩ የከፋ እንደሆነ ነገረኝ፤ እዚያ ቦታው ነጻ ነው ሲባል ዲስኩ ራሱ ከውስጥ ማጽዳት ስለሚጀምር ብዙ ጊዜ የሚለቀም ነገር አይተርፍም። ዕድሌ የእኔው አሮጌ፣ የሚሽከረከር መሆኑ ነው። ፈጣኑንና አዲሱን ብገዛ ኖሮ የአጎቴ ድምፅ ዛሬ የለም።

ሥራውን በዲስኩ ላይ በቀጥታ አልጀመረም። መጀመሪያ ሙሉውን፣ ባዶ የሚመስለውን ጭምር፣ ነጥብ በነጥብ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። ዲዲሬስኪው በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው የሠራው። በእሱ ማሽን 1 ቴራባይት መገልበጥ ከአንድ ሌሊት በላይ ፈጀ፤ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄዶም ነበር። ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ በሌላ ፋይል እየጻፈ ስለሚሄድ ጠዋት ካቆመበት ቀጠለ። መብራት ለሚሄድበት አገር የተሠራ ነው የሚመስለው።

በቅጂው ላይ ቴስትዲስክ የሚባለውን፣ የጠፋ መዝገብ የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተ። ኤንቲኤፍኤስ የመክፈቻ ገጹን ቅጂ በያዘው የዲስክ ክፍል ጫፍ፣ መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል፤ ታብሌቱ አዲሱን መዝገብ የጻፈው ከፊት ነው። ፕሮግራሙ ከኋላ ያለችውን ገጽ አገኘ። እሷን ይዞ የድሮውን የፋይል ዝርዝር ፈለገ። ስክሪኑ ላይ እኔ ራሴ ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍኳቸው ስሞች መጡ፦ ካሴት 1፣ ካሴት 2፣ ካሴት 3… እስከ 11። ስሞቹ ባይገኙ ኖሮ ፎቶሬክ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ስም እየለቀመ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ በጆሮ እንድለይ ያደርገኝ እንደነበር ነገረኝ። ልጁ ሒሳቡን ሲነግረኝ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ይገባዋል።

የሦስተኛው ካሴት ሁለተኛ ጎን

አሥሩ ሙሉ ናቸው። ሦስተኛው ግን ግማሽ ነው።

ያቺ የሠርግ ቪዲዮ ያረፈችው በእሱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጎን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አጎቴ ሥራ እንዳገኘ፣ ቀጣሪው ሽማግሌ ደግ ሰው እንደሆነ ያወራል። ካሴቱ ሲገለበጥ የነበረው ጠቅታ ይሰማል። ከዚያ «እሺ፣ እህቴ» ይላል። ከዚያ ጩኸት። ማዕበል የመሰለ፣ የሚያፏጭ ጩኸት እስከ መጨረሻው። ድምፁ ሳይጨመቅ ስለተቀዳ ግማሹ ሲጠፋ ግማሹ ተረፈ፤ ጩኸቱ ደግሞ ቪዲዮው በድምፅ ፋይል ውስጥ ሲነበብ ነው። የሰው ሠርግ ነው እንግዲህ፣ በአጎቴ ቦታ ላይ የሚጮኸው። ቪዲዮውን ከታብሌቱ አጥፍቼዋለሁ። ሙሽሮቹ ምንም አላደረጉኝም፤ ግን ማየት አልቻልኩም።

ለእትዬ ሁሉንም አሰማኋቸው። አንድ ሳምንት ፈጀብን፤ በቀን አንድ ሁለት። አንዳንዱ ላይ ይስቃሉ፣ አንዳንዱ ላይ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፣ ግን አንድ ጊዜ ሳልነግራቸው ያደረግሁት በቃኝ። ጩኸቱ ሲጀምር አጠፋሁት።

እትዬ ዝም አሉ። ከዚያ ራሳቸው ቀጠሉ።

«እሺ፣ እህቴ። ዛሬ በረዶ ዘነበ። ዘነበ ልበል፣ ወረደ ልበል፣ አላውቅም፣ ድምፅ የለውም። የጅማን ዝናብ ለምጄ ጆሮዬን ብጥል፣ ብጥል፣ የለም። ወጥቼ ሳየው አገሩ ሁሉ እንደ ጥጥ…»

ቃሉ ብቻ አልነበረም። የእሱን አነጋገር፣ የሚያርፍበትን፣ የሚስቅበትን ይዘውታል። ካሴቱ የመጣ ሰሞን ስንት ጊዜ እንደሰሙት እግዜር ይወቅ። በሬዲዮኑ ላይ እያገላበጡ፣ ባትሪው እስኪያልቅ። እኔ አንብቤ የማስቀምጠውን እሳቸው ሰምተው ነው ያስቀመጡት። «ለእማማ ጫማ ግዥላት፣ ገንዘቡን ካሴቱን ይዞ የሚመጣው ሰው ይሰጥሻል» የሚለው ጋ ሲደርሱ ታብሌቱን ማብራት ትዝ አለኝ።

«እትዬ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ» አልኳቸው።

ጀመሩልኝ። 19 ደቂቃ ሆነ። አጎቴ የፈጀው 30 ነበር፤ የቀረው መዝሙር እንደነበረና መዝሙሩን እሳቸው በእሱ ድምፅ ሊያወጡት እንደማይችሉ ነገሩኝ። ፋይሉን «ካሴት 3፣ ጎን 2፣ በእትዬ» ብዬ ሰየምኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሥራ ረጅም አይደለም። አዲስ ዲስክ ገዛሁ፣ ታብሌቱም ኮምፒውተሩም በሚያነቡት በኤክስፋት አዘጋጀሁት፤ አሮጌውንም አሳርፌ አስቀመጥኩ፤ ሦስተኛ ቅጂ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አደረግሁ። ዲስኩን ከታብሌቱ ከመንቀል በፊት ሴቲንግ ገብቶ «ኢጀክት» ማድረግ እንደሚገባም ተማርኩ፤ ታብሌቱ ጻፍኩ የሚለውን ሁሉ ዲስኩ ላይ አሳርፎ ላይጨርስ ይችላል። ሦስቱንም በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እርጥበት እንዳይነካቸው እትዬ ቁም ሣጥን የላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደርኳቸው። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

እትዬ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «ስንት ቦታ ነው አሁን ያለው?» አሉ።

«ሦስት ቦታ፣ እትዬ።»

«ሦስቱም እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ?»

አወረድኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ፍላሹን ይዤ አጋሮ እህቴ ዘንድ ሄድኩ፤ እትዬ ለእሷ የላኩት ሁለት ኪሎ ቡናም አብሮኝ ነበር።